ኳሱ ሲዞር የሚቆመው የቱ ነው? ሉልን በእጅ ይዞ የመቁጠር መመሪያ

ቤቴ መደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ኳስ አለ። 12 ጥቁር ባለ አምስት ጎን እና 20 ነጭ ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ተሰፍተው የተሠራ ነው። በ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ የተጫወቱበት ቴልስታር መልኩ እንዲህ ነበር። ዛሬም ልጅ «ኳስ ሳል» ሲባል የሚስለው እሱን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ኳሱን የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ጋሽ በቀለ ሁለት ጊዜ ጠግነውታል። በሁለተኛው ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። ጭናቸው ላይ እያዞሩ ስፌቱን ሲፈትሹ ቆዩና ድንገት ቆም አሉ። «ይህቺን አይቻታለሁ ወይስ አላየኋትም?» አሉኝ። ኳሱ ከየትም ቢያዩት ያው ነው፤ ጠፋባቸው። ከዚያ ሦስት ስፌቶች የሚገናኙባት አንዲት ነጥብ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

እሳቸው ቀጠሉ፤ እኔ ግን እዚያችው ምልክት ላይ ቀረሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ውሱን ግሩፕ ሉል ላይ ሲሠራ ምን እንደሚሆን አንድ ሴሚስተር ሙሉ በምልክት ስጽፍ ከርሜያለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ነገሩን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የማሳየው በዚሁ መንገድ ነው። እናንተም ሞክሩት።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ኳስ (ካጣችሁ ጥሩ ፎቶ)፣ ሁለት ብርቱካን፣ ጥቂት ስቴኪኒ፣ ቢላ፣ ማርከር፣ አንድ የቡና ስኒ፣ አንድ የጫማ ክር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ክፍልፋይ መደመር ከቻላችሁ ሌላ ዕውቀት አያስፈልግም።

ኳሱን መያዝ

ኳሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ጓደኛችሁ ዓይኑን ይጨፍን። እናንተ ኳሱን አዙራችሁ እዚያው ቦታ መልሱት። ዓይኑን ሲገልጥ መዞሩን ማወቅ ካልቻለ፣ ያደረጋችሁት ነገር ከምንፈልጋቸው «እንቅስቃሴዎች» አንዱ ነው።

ሁለት እንዲህ ያሉ እንቅስቃሴዎችን አከታትላችሁ ብታደርጉ፣ ውጤቱም እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ያደረጋችሁትን መልሳችሁ ብታፈርሱትም ያው። ኳሱን ጭራሽ አለመንካትም አንድ እንቅስቃሴ ሆኖ ይቆጠራል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከዚያ ቁጥሩ በአንድ ይጎድልበታል። የእነዚህ ሁሉ ስብስብ ግሩፕ ይባላል። ብዛቱ የሚያልቅ ከሆነ ውሱን ነው።

የኳሱ እንቅስቃሴዎች ስንት ናቸው? የጋሽ በቀለን ጠመኔ አንሱ። ሦስት ስፌት የሚገናኝባት አንዲት ነጥብ ላይ ምልክት አድርጉ። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ጥቁሮቹን ብቻ ተመልከቱ። እያንዳንዷ ነጥብ የምትነካው አንድ ጥቁር ቁራጭ ብቻ ነው። ጥቁሮቹ 12፣ ማዕዘናቸው አምስት አምስት። 12 × 5 = 60።

አሁን ምልክቷን ከ60ዎቹ ወደ አንዷ ውሰዷት። ጥቁሩ ጥቁር ላይ እንዲያርፍ ከተፈለገ ኳሱን የምታስቀምጡበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በምንም በኩል አይላወስም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ነጥብ ልክ አንድ እንቅስቃሴ አለ። እንቅስቃሴዎቹ 60 ናቸው። አንድ ምልክት በእንቅስቃሴዎቹ የምትደርስባቸው ነጥቦች ሁሉ ምህዋሯ ይባላሉ። የጋሽ በቀለ ነጥብ ምህዋር 60 ነጥብ አለው።

የቆመውን መፈለግ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ስለ እንቅስቃሴ ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚንቀሳቀሰውን አትከተሉ። የቆመውን ፈልጉ።

ኳስ በየትኛውም መንገድ ቢዞር ሁለት ነጥቦች ቦታቸውን አይለቁም። መሬት በራሷ ዛቢያ ስትዞር ሰሜንና ደቡብ ዋልታ እንደሚቆሙት ማለት ነው። እኛም ዋልታ እንበላቸው። አንድ ጥቁር ቁራጭ መሐል ላይ አንድ ጣት፣ ትይዩው ላይ ሌላ ጣት አድርጋችሁ ኳሱን አዙሩ። በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ አምስት ጊዜ ራሱን ይመስላል። ይህ ባለ 5 ዋልታ ነው።

ነጩ ቁራጭ መሐል ላይስ? እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈጠራል። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ፈጠን ብላ «ባለ 6 ነው ቲቸር!» አለች። «እስቲ አንድ ስድስተኛ ዙር አድርጊው» አልኳት። አዞረችው፤ ጥቁሩ ነጭ የነበረበት ቦታ አረፈ። ዝም ብላ ተመለከተችው፤ እንደገና አዞረችው፤ «ሲሶ ነው» አለች። ልክ ናት። የነጩ ቁራጭ ስድስት ጎኖች ተፈራርቀው አንዱ ጥቁር፣ ቀጣዩ ነጭ ይነካሉ። ስለዚህ ራሱን የሚመስለው በሲሶ ዙር ነው። ባለ 3 ዋልታ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ተደብቋል። ሁለት ነጮች በሚገናኙበት ስፌት ወገብ ላይ ጣታችሁን አድርጉ። በግማሽ ዙር ሁለቱ ነጮች ቦታ ይቀያየራሉ። ባለ 2 ዋልታ ነው። ነጭና ጥቁር የሚገናኙበት ስፌት ግን ዋልታ የለውም። ግማሽ ዙር ቢዞር ጥቁሩ ነጭ ላይ ይወድቃል።

ቁጠሯቸው። ባለ 5 ዋልታ 12፣ ባለ 3 ዋልታ 20፣ ባለ 2 ዋልታ 30። (ስፌቶቹ በጠቅላላ 90 ናቸው። 60ዎቹ ጥቁር ይነካሉ፤ የቀሩት 30 ነጭ ከነጭ ናቸው።)

ሒሳቡን ማመሳከር

ባለ ሱቅ ማታ ዕቃውንም ገንዘቡንም ቆጥሮ ያመሳክራል። እኛም አንድን ነገር በሁለት ወገን እንቁጠር። የምንቆጥረው ጥንድ ነው፤ «ይህ እንቅስቃሴ፣ ይህን ዋልታ አቆመው» የሚል ጥንድ።

ከእንቅስቃሴው ወገን፦ ምንም ካለማድረግ በቀር 59 እንቅስቃሴዎች አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ዋልታ ያቆማል። 118 ጥንድ።

ከዋልታው ወገን፦ ባለ 5 ዋልታን የሚያቆሙት እውነተኛ ዙሮች 4 ናቸው፤ 12 × 4 = 48። ባለ 3 ዋልታን 2፤ 20 × 2 = 40። ባለ 2 ዋልታን 1፤ 30። ድምሩ 118።

ገጠመ። አሁን ኳሱን አስቀምጡና ይህንኑ ለማንኛውም የሉል ግሩፕ ጻፉት። ጠቅላላውን የእንቅስቃሴ ብዛት ጠ እንበለው። ባለ ሀ የሆነ ዋልታ ምህዋሩ ውስጥ ጠ/ሀ ዋልታዎች አሉ። እያንዳንዳቸውን የሚያቆሙት ሀ − 1 እንቅስቃሴዎች ናቸው። ሁለቱን ወገን እኩል አድርጋችሁ በጠ ስታካፍሉ ይህ ይወጣል፦

2 − 2/ጠ = (1 − 1/ሀ) + (1 − 1/ለ) + (1 − 1/ሐ) + …

እያንዳንዱ ቅንፍ አንድ የዋልታ ምህዋር ነው። እዚህ ቀመር ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። ወረቀት አውጡና አብራችሁኝ ሂዱ።

ግራው ከ2 ያንሳል። ቀኝ ያለው እያንዳንዱ ቅንፍ ቢያንስ ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም ሀ ቢያንስ 2 ነው። አራት ቅንፍ ቢኖር ድምሩ 2 ይደርሳል፤ አይሆንም። ስለዚህ ቅንፎቹ ቢበዛ ሦስት ናቸው።

አንድ ብቻ ቢሆንስ? ቅንፉ ከ1 ያንሳል። ግራው ግን ጠ ከ2 ጀምሮ 1 ወይም ከዚያ በላይ ነው። አይገጥምም።

ሁለት ከሆኑ፣ ሲስተካከል ጠ/ሀ + ጠ/ለ = 2 ይሆናል። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው 1። ዋልታው ሁለት ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ዙር በአንድ ዛቢያ ነው። ጃንጥላ ዘርጉ። ስምንት ሽቦ ካለው በአንድ ስምንተኛ ዙር ራሱን ይመስላል፤ ተገልብጦ ግን አይመስልም። ያ ነው።

ሦስት ከሆኑ 1/ሀ + 1/ለ + 1/ሐ = 1 + 2/ጠ ነው። ዋናው ነገር ድምሩ ከ1 መብለጡ ነው። ሦስቱም 3 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆኑ ድምሩ ከ1 አያልፍም። ስለዚህ አንዱ 2 ነው። የቀሩት ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ መብለጥ አለባቸው። 2 እና ማንኛውም ቁጥር፤ ወይም 3 እና 3፤ 3 እና 4፤ 3 እና 5። አለቀ።

በቃ ይኸው ነው። 2፣ 2፣ ሐ ከሆነ ጠ = 2 × ሐ ነው። የብሎን ዳዶ ያዙ፤ በአንድ ስድስተኛ ዙር ራሱን ይመስላል፣ ተገልብጦም ይገጥማል፣ 12 እንቅስቃሴ አለው። 2፣ 3፣ 3 ከሆነ 12 ነው፤ አራት ባለ ሦስት ጎን ፊት ያለው ቅርጽ። 2፣ 3፣ 4 ከሆነ 24 ነው፤ የሉዶ ዳይስ (ነጥቦቹን ሳትቆጥሩ)። 2፣ 3፣ 5 ከሆነ 60 ነው፤ የጋሽ በቀለ ኳስ። ሉልን ከእነዚህ ውጭ የሚያዞር ውሱን ግሩፕ በዓለም ላይ የለም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍልፋይ ብቻ ጨርሼ ስጽፈው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዳይሱን ለብቻችሁ ሥሩት። ፊቶቹ 6፣ ማዕዘኖቹ 8፣ ጠርዞቹ 12 ናቸው። ጥንዶቹ በሁለቱም ወገን 46 መምጣት አለባቸው።

2፣ 3፣ 6 ቢሆንስ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥያቄው ትልቅ ነው። 1/2 + 1/3 + 1/6 ልክ 1 ነው። አይበልጥም። ይህ የሉል ሳይሆን የጠፍጣፋ ወለል ነው፤ ባለ ስድስት ጎን ንጣፍ እስከ ፈለጋችሁ ድረስ ይዘረጋል እንጂ ዞሮ አይዘጋም።

ብርቱካኑን ማጠፍ

አሁን ቢላ። አንዱን ብርቱካን ከእንብርቱ እስከ ግርጌው ሦስት ቦታ እኩል ሰንጥቁና ከልጣጩ አንዱን ሲሶ በጥንቃቄ አውጡ። በሲሶ ዙር አንድ የሚሆኑ ነጥቦችን ሁሉ እንደ አንድ ብንቆጥራቸው፣ የሚቀረን ይህ ሲሶ ብቻ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ጠርዞቹም አንድ ናቸው። ስለዚህ አጠጋጓቸውና በስቴኪኒ አያይዟቸው። በሁለቱም ጫፍ የሾለ፣ ሎሚ የሚመስል ነገር ይወጣል። ሹሎቹ የቆሙት ዋልታዎች ናቸው። የቀረው ለስላሳ ነው።

እንዲህ ያለው ሹል ያለበት ቅርጽ ኦርቢፎልድ ይባላል። ስሙን በ1976–77 በሒሳብ ሊቁ በዊሊያም ተርስተን ኮርስ ላይ የነበሩ ሰዎች በድምፅ ብልጫ ነው የመረጡት።

የኳሱ እጥፋት ደግሞ ሳምቡሳ ነው። ስናገር ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከልቤ ነው። ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ሦስት ሹል ያለው ቅርጽ ይሠራሉ። የማዕዘኖቹ ልክ 180/2፣ 180/3 እና 180/5 ነው፤ 90፣ 60 እና 36 ዲግሪ። ድምሩ 186። ወረቀት ላይ የሚሳል ሦስት ማዕዘን 180 ነው ያለው። ያቺ 6 ዲግሪ ትርፍ ናት ነገሩን ሉል የምታደርገው። ሁለተኛውን ብርቱካን ውሰዱና በማርከር ሞክሩት። ሉል በጠቅላላ 720 ዲግሪ ትርፍ አለው፤ ለ6 ሲካፈል 120። እንዲህ ያሉ 120 ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ብርቱካኑን ልክ ይሸፍኑታል፤ ለ60ው እንቅስቃሴ ሁለት ሁለት። ሁሉን መሳል አድካሚ ነው። አንድ ባለ 5 ዋልታ ዙሪያ ያሉትን አሥሩን ብቻ ሳሉ፤ ይበቃል።

ቅድም «አንድ ቅንፍ ብቻ አይገጥምም» ያልነውን አስታውሱ። በቅርጽ ስናየው፣ አንድ ሹል ብቻ ያለው የእንባ ጠብታ ማለት ነው። ሉልን በማንኛውም ውሱን ግሩፕ ብታጥፉት የእንባ ጠብታ አይወጣም። ሁለት ሹል ኖሮት አንዱ ባለ 2፣ ሌላው ባለ 3 የሆነም አይወጣም። ክፍልፋዩ ከልክሎታል።

ኳሱ ጎማ ቢሆንስ?

እስካሁን ኳሱን እንደ ጠንካራ ነገር ነው ያዞርነው። ቶፖሎጂ በሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ውስጥ ግን መለጠጥ ይፈቀዳል፤ መቅደድና መለጠፍ ነው የማይፈቀደው። አንድ ሰው ኳሱን እየለጠጠ፣ እያጣመመ፣ ግን በአምስተኛው ጊዜ እያንዳንዱን ነጥብ ቤቱ የሚመልስ አዲስ እንቅስቃሴ ሊፈጥር ይችላል? ዝርዝራችን ይረዝም ይሆን?

አይረዝምም። ብራወርና ከረክያርቶ በ1919፣ አይለንበርግ በ1934 የደረሱበት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሉል ላይ ያለ ማንኛውም እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ፣ ኳሱ በትክክል ከተለጠጠለት፣ ከተለመደው ጠንካራ እንቅስቃሴ አንዱ ነው። አዲስ የመሰለው ነገር ካለ፣ የታወቀው ዙር በተጨማደደ ኳስ ላይ ሲታይ ነው።

እንደ መስታወት ግራና ቀኝን የሚገለብጡትን እዚህ አላነሳቸውም፤ ከአንዱ በቀር። እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ትይዩው የሚወስደው እንቅስቃሴ አንድም ነጥብ አያቆምም። ሉል ላይ አንድም ነጥብ ሳያቆም የሚሠራ ግሩፕ ከዚህ ሌላ የለም። ለምን? ከኳሱ ላይ ነጥቦቹን፣ ስፌቶቹንና ቁራጮቹን ውሰዱ፤ 60 − 90 + 32 = 2። ይህ የኦይለር ቁጥር ነው። ሉሉን እንዴትም ብትቆራርጡት 2 ይሆናል። ምንም የማያቆም ግሩፕ ከሆነ ሁሉም ነገር በጠ በጠ ይመደባል፤ ስለዚህ ጠ 2ን ማካፈል አለበት። ወይ 1፣ ወይ 2።

አንድ ፎቅ ወደ ላይ

ቀጥሎ ያለው ሦስት-ሉል ነው። በዓይን አይታይም፤ በእጅ ግን ይያዛል። ሁለት የግድግዳ ሰዓት አስቡ፤ እያንዳንዱ አንድ ቆጣሪ ብቻ አለው። ቆጣሪዎቹ ሊረዝሙና ሊያጥሩ ይችላሉ፤ የርዝመታቸው ስኩዌር ተደምሮ ግን ሁልጊዜ 1 ነው። አንዱ 1 ከሆነ ሌላው ይጠፋል። የሁለቱ ሰዓቶች እያንዳንዱ ሁኔታ የሦስት-ሉል አንድ ነጥብ ነው። በቃ፣ ያዛችሁት።

አንድ እንቅስቃሴ እንሥራ። በእያንዳንዱ እርምጃ የመጀመሪያው ሰዓት አንድ አምስተኛ ዙር፣ ሁለተኛው ሁለት አምስተኛ ዙር ይሂድ። ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ጻፉ። የመጀመሪያው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 0። ሁለተኛው፦ 2፣ 4፣ 1፣ 3፣ 0። ከአምስተኛው እርምጃ በፊት አንዱም 0 አልመታም። ስለዚህ ቆጣሪው የትኛውም ቢሆን፣ የቆመ ነጥብ የለም። ከታች ባለው ሉል ያልተቻለው እዚህ ተቻለ።

አሁን የማይሆነውን ሥሩ፤ ከሚሆነው ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። አንድ ስድስተኛ ዙርና ሁለት ስድስተኛ ዙር። የመጀመሪያው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 0። ሁለተኛው፦ 2፣ 4፣ 0፣ 2፣ 4፣ 0። በሦስተኛው እርምጃ ሁለተኛው ሰዓት ቤቱ ገብቷል። የመጀመሪያው ቆጣሪ የጠፋባቸው ነጥቦች በዚያች እርምጃ ቆመው ቀሩ። 2 እና 6 የጋራ አካፋይ ስላላቸው ነው።

ምንም የማያቆሙት ሲታጠፉ የሚወጡት ቅርጾች ሌንስ ስፔስ ይባላሉ። ቲትዝ በ1908 አቀረባቸው። ሁለቱም ሰዓት አንድ አንድ አምስተኛ ዙር ቢሄድ የሚወጣው ቅርጽና ቅድም በሠራነው 1 እና 2 የሚወጣው ቅርጽ የታጠፉት በአንድ ዓይነት ግሩፕ ነው። ቅርጾቹ ግን አንድ አይደሉም። ይህን አሌክሳንደር በ1919 አሳየ። ግሩፑን ብቻ ማወቅ አይበቃም ማለት ነው፤ እንዴት እንደሚሠራም ማወቅ ያስፈልጋል።

ስኒው

የ60ው ግሩፕ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ምን ይሆናል? ስኒውን አምጡ። ባዶውን፤ ሲያቅታችሁ እንዳይደፋ።

ስኒውን ቀኝ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። መዳፋችሁ ወደ ላይ እያየ፣ ስኒው ሳይዘነብል፣ በብብታችሁ ሥር አሳልፋችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ስኒው እንደ መጀመሪያው ሆነ፤ ክንዳችሁ ግን ተጠማዟል። በዚያው አቅጣጫ ሁለተኛ ዙር ጨምሩ፤ አሁን እጃችሁ ከራስ በላይ ያልፋል። ክንዳችሁ ተፈታ። አንድ ዙር «ምንም» አይደለም። ሁለት ዙር ግን «ምንም» ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የኳስ እንቅስቃሴ ሁለት ይሆናል፤ ክንድ የተፈታበትና የተጠማዘዘበት። 60ው 120 ሆነ። ሦስት-ሉልን ደግሞ እንዲህ አድርጋችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ ነጥቦቹ የኳሱ ዙሮች ሁሉ ናቸው፣ ከክንዱ ሁኔታ ጋር። 120ዎቹ እነዚህ ላይ የሚሠሩት ከኋላ በመጨመር ነው፤ «ያደረግኸውን አድርግ፣ ከዚያ ይህን ጨምርበት»። እውነተኛ ነገር ከተጨመረበት ያው ሆኖ የሚቀር የለም። የቆመ ነጥብ የለም።

በ120ው ሲታጠፍ የሚወጣው ቅርጽ የፖይንካሬ ነው። በ1904 ስለ እሱ በጻፈበት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያነሳው ጥያቄ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2002 እና 2003 በፔሬልማን ተመለሰ። ቅርጹን በሌላ መንገድም መሥራት ይቻላል። አሥራ ሁለት ባለ አምስት ጎን ፊት ያለውን ቅርጽ ትይዩ ፊቶቹን በአንድ አሥረኛ ዙር አጣምሞ ማጣበቅ ነው።

ግን ክንዱ ለምን አስፈለገ? 60ው ራሱ፣ ሳይደረብ፣ የቆመ ነጥብ ሳይኖር መሥራት አይችልም? አይችልም። ሚልነር በ1957 ያወጣው መለኪያ ቀላል ነው። ምንም ነጥብ ሳያቆም ሉል ላይ የሚሠራ ግሩፕ፣ ምንም ካለማድረግ በቀር፣ ሁለት ጊዜ ሲደረግ «ምንም» የሚሆን እንቅስቃሴ ከአንድ በላይ ሊኖረው አይችልም። ይህ ለየትኛውም ፎቅ ሉል ይሠራል። ኳሱን ተመልከቱ፤ 30 ባለ 2 ዋልታ፣ 15 ዛቢያ፣ 15 ግማሽ ዙር። አሥራ አምስት! ወደቀ። በክንዱ ሲደረብ ግን ግማሽ ዙር ሁለት ጊዜ ቢደረግ አንድ ሙሉ ዙር ነው፤ ክንዱ ተጠማዟል፤ «ምንም» አይደለም። ሁለት ጊዜ ሲደረግ «ምንም» የሚሆነው ያ ሙሉ ዙር ብቻ ነው። አንድ። አለፈ። አዲስ ግሩፕ ስታገኙ መጀመሪያ ይህን ቁጠሩ፤ ብዙ ሰዓት ይቆጥብላችኋል።

የጫማ ክር

ሦስት-ሉል ላይ ግራና ቀኝን የማይገለብጥ እንቅስቃሴ የሚያቆመው ነገር ካለው፣ የቆመው ሁለት ነጥብ አይሆንም። የተዘጋ ክር ነው። ፖል ስሚዝ የጠየቀው ይህን ነው፦ ያ ክር ቋጠሮ ሊኖረው ይችላል?

የጫማ ክሩን አንድ ጊዜ ቋጥሩና ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አገናኙት። ጠረጴዛ ላይ ሦስት እኩል ቀለበት ሆኖ እንዲታይ ዘርጉት። መሐሉ ላይ ስቴኪኒ አቁሙና ሲሶ ዙር አዙሩት። ራሱን ይመስላል። እዚህ ላይ የቆመው ስቴኪኒው ነው፤ የሚዞረው ክሩ ነው። የስሚዝ ጥያቄ ግን ተቃራኒው ነው፤ የተቋጠረው ክር ቆሞ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ይዞር ይሆን?

መልሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ መጣ። ተርስተን፣ ሚክስ፣ ያው፣ ባስ፣ ጎርደንና ሻለን የየራሳቸውን ድርሻ አዋጥተው ነው። እንቅስቃሴው ልስልስ (ስብራትና ሻካራነት የሌለው) እስከሆነ ድረስ፣ አይቻልም። ልስልስ የሚለው ቃል ትርፍ አይደለም። ቢንግ በ1952 ሻካራ ከተፈቀደ፣ የቆሙት ነጥቦች ማንም ሊያስተካክለው የማይችል የተጠማዘዘ ገጽ የሚሠሩበት መስታወታዊ እንቅስቃሴ እንዳለ አሳይቷል። በልስልሱ ዓለም ግን የታችኛው ፎቅ ሕግ ላይኛውም ላይ ጸና። ዲንክልባክና ሊብ በ2009 እንዳሳዩት፣ ሦስት-ሉል ላይ የሚሠራ ማንኛውም ልስልስ ውሱን ግሩፕ፣ ቀና ሲደረግ፣ ከጠንካራዎቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አቁማችሁ ዓለሙን በዙሪያው ለማዞር አትድከሙ። አራት-ሉል ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚቆመው ክር ሳይሆን ሉል ነው፤ ጊፈን በ1966 የተቋጠረ ሉል ቆሞ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ሲዞር አሳይቷል።